የብጉር ጠባሳ፤ ዓይነቱ ሳይለይ ገንዘብ አይከፈል

የብጉር ጠባሳ ያጠፋሉ ተብለው ለገበያ የሚቀርቡ ዕቃዎችና አገልግሎቶች በዓይነትም በዋጋም እየበዙ መጥተዋል። በመርካቶና በየሰፈሩ የመዋቢያ ሱቆች የሚደረደሩት ክሬሞች፣ በቴሌግራም የሚተዋወቁት ቅባቶች፣ በውበት ሳሎኖች የሚሰጠው ፌሻል፣ በግል የቆዳ ክሊኒኮች የሚሠራው የመርፌና የሌዘር ሕክምና ሁሉም ለሸማቹ የሚቀርቡት “ጠባሳ ማጥፊያ” በሚል አንድ ስም ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ብጉር ትቶት የሚሄደው ምልክት አንድ ዓይነት አይደለም። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ምንም አይፈይድም፤ አንዳንዴም ያባብሰዋል።

በዚህም ምክንያት በየጊዜው በከንቱ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። አንዱ በጥቂት ወራት በራሱ ሊደበዝዝ ለሚችል ጥቁር ምልክት የሌዘር ሒሳብ ይከፍላል። ሌላው ማንኛውም ክሬም ሊሞላው ለማይችል ጥልቅ ቀዳዳ ለዓመታት ቅባት ይገዛል። ሦስተኛው ያበጠ ጠባሳውን በቢላ አስቆርጦ ጠባሳው ከበፊቱ አብጦ ይመለስበታል። ሦስቱም የተሳሳቱት ሕክምናውን የመረጡት የጠባሳቸውን ዓይነት ሳያውቁ በመሆኑ ነው።

ጠባሳ እንዴት ይፈጠራል?

ብጉር የሚነሣው የቆዳ ቅባት የሚወጣበት ቀዳዳ ሲደፈን ነው። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ቅባትና የሞቱ የቆዳ ሴሎች ይከማቻሉ፤ ባክቴሪያ ይራባል፤ አካባቢውም ይቆጣል። መቆጣቱ ላይ ላዩን ከሆነ ብጉሩ ምንም ሳይተው ሊድን ይችላል። ወደ ውስጠኛው የቆዳ ክፍል ከዘለቀ ግን ቆዳን ደግፎ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ንጥረ ነገር ይጎዳል። ሰውነት ጉዳቱን ሲጠግን አዲሱ ኮላጅን ካነሰ ስርጉድ ይቀራል፤ ከመጠን በላይ ከበዛ ደግሞ ጠባሳው ከቆዳው በላይ አብጦ ይወጣል።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት ግልጽ ነው። ብጉሩ ገና እየወጣ ለጠባሳ ሕክምና መክፈል፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደ መወልወል ነው። አዲስ ብጉር አዲስ ጠባሳ ያመጣል። ስለዚህ የቆዳ ሐኪሞች ቅድሚያ የሚሰጡት ብጉሩን ለማስቆም ነው። ለቀላሉ ብጉር አዳፓሊንና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባሉት በቆዳ ላይ የሚቀቡ መድኃኒቶች በብዛት ይታዘዛሉ። ውጤታቸው የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንታት ውስጥ በመሆኑ በሁለተኛው ሳምንት “አልሠራም” ብሎ መተው አያዋጣም። ለከባዱና ጠባሳ ለሚያስቀረው ብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ይህ መድኃኒት በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ እርጉዝ ሴት ፈጽሞ ልትወስደው አይገባም። መውለድ የምትችል ሴትም መድኃኒቱን የምትወስደው በሐኪም ክትትልና እርግዝናን በመከላከል ብቻ ነው።

ብጉርን በጥፍር ማፍረጥ ደግሞ ቁጣውን ወደ ውስጥ ስለሚገፋው ጠባሳ የመቅረት ዕድሉን ይጨምራል። ይህን መተው ምንም ወጪ የለውም።

ጥቁር ምልክትና ጠባሳ አንድ አይደሉም

በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ሰዎች “ጠባሳ” ብለው ከሚጠሩት ብዙው በትክክል ሲታይ ጠባሳ አይደለም። ቆዳ ሲቆጣ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ሜላኒን የተባለውን ቀለም አብዝተው ያመርታሉ። ብጉሩ ሲድን ቀለሙ በቦታው ይቀራል። ቆዳው ግን አልተሰረጎደም፣ አላበጠምም።

ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመስኮት አጠገብ ቆሞ ብርሃኑ በጎን በኩል ፊት ላይ እንዲያርፍ በማድረግ በመስታወት መመልከት ይቻላል። ስርጉድ ካለ ጥላ ይሠራል፤ የቀለም ለውጥ ብቻ ከሆነ ጥላ አይኖረውም። ዓይን ጨፍኖ በጣት ጫፍ መዳሰስም ይረዳል። ጣት የማይለየው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የቀለም ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለው ምልክት አዲስ ብጉር ካልወጣበትና ከፀሐይ ከተጠበቀ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ዋነኛው ሕክምናም ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ይኸውም የፀሐይ መከላከያ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። የአየሩ መቀዝቀዝ ሰውን ያዘናጋል እንጂ ጨረሩን አይቀንሰውም። ስለሆነም የመከላከያ ኃይሉ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም በየቀኑ መቀባት፣ ውጭ የሚውል ሰውም በየሁለት ሰዓቱ መድገም ይመከራል። አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ዓይን የሚያየውን ብርሃን ጭምር ስለሚከላከል ለጠይም ቆዳ የተሻለ ነው። ባርኔጣና ጥላም ዕቃቸው ቀላል፣ ጥቅማቸው ግን ብዙ ነው።

ከዚህ ሌላ ሐኪሞች አዝላይክ አሲድ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ አዳፓሊን ወይም ለተወሰኑ ወራት ብቻ ሃይድሮኪኖን ሊያዙ ይችላሉ። ለጥቁር ምልክት ብቻ ብሎ ቆዳን በሚያቃጥል ጠንካራ ሌዘር መጀመር ግን በጠይም ቆዳ ላይ አዲስ ጥቁር ምልክት ሊያተርፍ ይችላል።

እውነተኞቹ ጠባሳዎች

የተሰረጎዱት ጠባሳዎች በሦስት ይከፈላሉ። አራተኛው ወገን የተነሣው ወይም ያበጠው ነው።

የመጀመሪያው በወስፌ የተወጋ የሚመስለው ነው። አፉ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠባብ ቢሆንም ወደ ውስጥ ጠልቆ ይሄዳል። ከስርጉድ ጠባሳዎች ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ይህ ዓይነት እንደሆነ በሕክምና ጽሑፎች ላይ በብዛት ይጠቀሳል። ክሬምም ሆነ ላይ ላዩን የሚሠራ ሌዘር ከታችኛው ጫፍ ስለማይደርስ ለዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ማባከን ነው። የኮሪያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ ያደረጉት ዘዴ ከ65 እስከ 100 በመቶ ጥንካሬ ያለው ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ በቀጭን እንጨት ጫፍ ጠብ አድርጎ በቀዳዳው ውስጥ ብቻ መንካት ነው። አሲዱ የነካው ቦታ ወዲያው ይነጣል፤ ከዚያም ይቀርፋል፤ ከሥር አዲስ ኮላጅን እየተሠራ ቀዳዳው ከታች ወደ ላይ ይሞላል። በሳምንታት ልዩነት ደጋግሞ መሥራት የግድ ነው። በጣም ጠልቆ ለቀረው ደግሞ ሐኪሙ በትንሽ ክብ መቁረጫ ቀዳዳውን አውጥቶ በስፌት ይዘጋዋል። ይህን አሲድ ገዝቶ በቤት ውስጥ መሞከር ፊትን ማቃጠል ነው።

ሁለተኛው ፈንጣጣ የሚተወውን የሚመስል፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ስርጉድ ነው። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። እዚህ ላይ ጥልቀቱ ወሳኝ ነው። ጥልቀቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰው በደቃቅ መርፌዎች በመውጋት ወይም በሌዘር ሊሻሻል ይችላል። ከዚያ የጠለቀው ግን ወለሉን ከፍ የሚያደርግ ወይም ቆርጦ የሚያወጣ አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ፊትን አባጣ ጎርባጣ የሚያስመስለው ነው። ስፋቱ ከ4 ወይም ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ጠርዙ አይለይም። የሚፈጠረው ከቆዳው ሥር ያሉ የጠባሳ ክሮች ቆዳውን ወደ ታች ጎትተው ስለያዙት ነው። ክሮቹ ሳይፈቱ ላዩን ማሸት ወይም መላጥ ውጤቱ ትንሽ ነው። ለዚህ የሚመረጠው ሰብሲዥን የሚባለው ሕክምና ነው። ቦታው ከደነዘዘ በኋላ ሐኪሙ መርፌ ከቆዳው ሥር አስገብቶ ክሮቹን ይበጣጥሳል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት መበለዝና ማበጥ ይኖራል። ቆዳው ተመልሶ እንዳይጣበቅ ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለው መሙያ በሥሩ ሊጨመር ይችላል። መሙያው ግን ከወራት በኋላ እየሟሟ ስለሚሄድ ሸማቹ የሚገዛው ዘላቂ ነገር እንዳልሆነ ሊያውቅ ይገባል። መሙያው በስሕተት በደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊያሞት፣ አልፎ አልፎም ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል በሳሎን የሚሠራ ሥራ አይደለም።

አራተኛው ከቆዳው በላይ ያበጠው ነው። በደረት፣ በትከሻ፣ በጀርባና በአገጭ ጠርዝ ይበዛል። ከቁስሉ ክልል ሳይወጣ ያበጠው በጊዜ ብዛት ሊቀንስ ይችላል። ከቁስሉ ክልል አልፎ የሚያድገው ግን ኬሎይድ ይባላል፤ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይም በብዛት ይታያል። ለዚህ በመጀመሪያ የሚሞከረው ትራያምሲኖሎን የተባለውን መድኃኒት በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ በጠባሳው ውስጥ መውጋት ነው። የሲሊኮን ልጥፍና በቅዝቃዜ ማከምም ይታከሉበታል። ኬሎይድን ያለ ተጨማሪ ሕክምና መቁረጥ ብቻውን ከ45 እስከ 100 በመቶ በሚደርስ መጠን መልሶ እንደሚያድግ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ይህን ዓይነት ጠባሳ በመርፌ መዓት መውጋት ወይም በሌዘር ማቃጠል እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ሊሆን ይችላል።

በአንድ ፊት ላይ ሁለትና ሦስት ዓይነት ጠባሳ አብሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሐኪም አንድ ማሽን ይዞ ሁሉን በእርሱ ከማከም ይልቅ ዘዴዎችን ያቀናጃል።

ሌዘር ወይስ መርፌ?

በማስታወቂያ ጎልቶ የሚታየው ሌዘር ነው። የቀድሞዎቹ ሌዘሮች የቆዳውን ላይኛ ክፍል ሙሉ በሙሉ ያነሡ ስለነበር ለጠይም ቆዳ አደጋቸው ከፍተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው አዲስ ስልት ጨረሩን ወደ ደቃቅ ነጠብጣቦች ከፋፍሎ በመሐል ጤነኛ ቆዳ ስለሚተው ቁስሉ ቶሎ ይድናል። ቢሆንም ቀለም የበዛበት ቆዳ ሙቀት ሲነካው የመጥቆር ጠባዩ አልተለወጠም። በመሆኑም ኃይሉን ቀንሶ፣ ዙሩን አብዝቶ፣ በመጀመሪያም በትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ መሥራት ያስፈልጋል።

ማይክሮኒድሊንግ የሚባለው ደቃቅ መርፌዎች ባሉት መሣሪያ ቆዳን የመውጋት ዘዴ ሙቀት ስለማይጠቀምና የላይኛውን ቆዳ ስለማያነሣ የመጥቆር አደጋው ያነሰ ነው። ጥልቀት ለሌላቸው ስርጉዶች ከ3 እስከ 6 ዙር፣ በ4 ወይም በ6 ሳምንት ልዩነት ይሰጣል። ኮላጅን የሚሠራው ቀስ በቀስ ስለሆነ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከመጨረሻው ዙር በኋላ ወራት ቆይቶ ነው። ለጠይም ቆዳ በዋጋ ውዱ ዘዴ ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በየሱቁ የሚሸጠው ባለ መርፌ ተሽከርካሪ ግን የተለየ ነው። መርፌው አጭር ከሆነ ጠባሳው ካለበት አይደርስም፤ ረጅም ከሆነ ደግሞ ባልጸዳ እጅ ቆዳን ማድማት ነው። ብጉር ባለበት ፊት ላይ ከተንከባለለ ቁስልን ያዛምታል። እህትማማቾች ወይም ጓደኛማቾች ተበዳድረው ከተጠቀሙበት በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊያጋባ ይችላል።

ርካሹ ክሬም ሲወደድ

በገበያው ውስጥ ከፍተኛውን ጉዳት የሚያደርሱት ውድ ማሽኖች ሳይሆኑ ርካሽ ማቅያ ክሬሞች ናቸው። አንዳንዶቹ ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው። ስቴሮይድ መቆጣትን ስለሚያበርድና ቀለምን ስለሚያነጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ጠርቶ ይታያል፤ ሸማቹም ደስ ብሎት ሁለተኛ ይገዛል። ውሎ ሲያድር ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ሌላ ዓይነት ብጉር ይፈላል። ክሬሙን ሲያቆሙት ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሰውየው ተመልሶ ወደዚያው ክሬም ይሄዳል።

ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሃይድሮኪኖን ደግሞ ሊያጠፋው የታሰበውን ጥቁረት ራሱ ሊያመጣው ይችላል። ፊት ላይ የሚወጣው ሰማያዊ የቀላቀለ ጥቁረት ለሕክምና አስቸጋሪ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሃይድሮኪኖንን ከቆዳ ማቅያ መዋቢያዎች ውስጥ ያስወጣው በዚህ የተነሣ ነው። ሜርኩሪ ያለባቸው ማቅያዎች ኩላሊትን ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነትም ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች ከገበያ ለማስወጣት ደንግጓል።

በኢትዮጵያ የመዋቢያ ዕቃዎች ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከምግብና ከመድኃኒት ጋር አብሮ የተደነገገ ነው። ይሁን እንጂ ማሸጊያ በሌለው ብልቃጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥን ቅባት ሸማቹ ራሱ ካልተጠነቀቀ ማን ያየዋል? ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን የሌለው፣ በሳምንት ውስጥ ፊት “የሚያጠራ” ክሬም ከነዋጋው ለሻጩ ቢተው ይሻላል።

ሎሚ መቀባትም ከዚህ አይሻልም። የሎሚ ጭማቂ ያለበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥልና ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ክሊኒኮች ዋጋ ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት የአንድ ዙር ነው። ሸማቹ ግን የሚገዛው ዙር ሳይሆን ውጤት ነው። ትክክለኛው ሒሳብ የአንዱ ዙር ዋጋ በዙሮቹ ብዛት ተባዝቶ፣ የምርመራው፣ የማደንዘዣው፣ ከሕክምናው በኋላ የሚቀባው መድኃኒትና የፀሐይ መከላከያው ተደምሮበት የሚገኘው ነው። ፊት ቀልቶና ቀርፎ ከሥራ የሚቀሩባቸው ቀናትም ወጪ ናቸው። ከሌዘር በኋላ እስከ አንድ ሳምንት ቤት መዋል ሊያስፈልግ ይችላል።

ሌላው ማስታወስ የሚገባው የሌዘር ማሽኑ፣ መለዋወጫው፣ መሙያውና አብዛኛው የፀሐይ መከላከያ ከውጭ የሚመጡ መሆናቸው ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለው ዕቃ በብር ሲሰላ ተወዷል። ስድስት ዙር ጀምሮ በሁለተኛው ላይ ገንዘብ አልቆበት የሚያቋርጥ ሰው ከመጀመሪያውም የቆጠበ ሰውን ያህል አላተረፈም። አቅም ውስን ከሆነ ብጉሩን ማስቆምና የፀሐይ መከላከያ መቀባት በቅድሚያ ይመጣሉ። ጥቁሩ ምልክት ሲደበዝዝ ለቀሪዎቹ እውነተኛ ስርጉዶች ብቻ መክፈል ይቻላል።

ለምርመራ የግድ ከውድ ክሊኒክ መጀመር አያስፈልግም። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ በደሴ አቅራቢያም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣሉ። ዓይነቱን በሐኪም አስለይቶ የት ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ገንዘብ አቅጣጫ ያስይዘዋል።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ

1. ምልክቱ የቀለም ነው ወይስ እውነተኛ ጠባሳ? ከሆነስ ከአራቱ የትኛው ነው? ይህን ሳይነግር ዋጋ የሚጠራ ቦታ መታለፍ አለበት።

2. የሚሠራው ሐኪም ነው? በጠይም ቆዳ ላይ የሠራቸውን ከበፊትና ከበኋላ የተነሡ ፎቶዎች ሊያሳይ ይችላል?

3. ስንት ዙር ያስፈልጋል? ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? ከመሐል ቢቋረጥ ቅድሚያ የተከፈለው ይመለሳል?

4. ምን ያህል መሻሻል ይጠበቃል? ጥሩ ሕክምና ጠባሳን ያሳንሳል፣ ያደበዝዛል፤ “መቶ በመቶ አጠፋለሁ” የሚል ግን የማይችለውን እየሸጠ ነው።

5. ቆዳው ቢጠቁር ወይም ቢያብጥ ማን ያክማል? በማን ወጪ?

ታካሚውም በበኩሉ የሚናገረው አለ። ቀደም ሲል የተቀባውን ክሬም፣ አይሶትሬቲኖይን ወስዶ ከሆነ መቼ እንደጨረሰ፣ ከቤተሰቡ ኬሎይድ ያለበት ካለ፣ እርግዝና ካለ ሳይደብቅ መግለጽ ይገባዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ ሐኪሙ የሌዘሩን ኃይል የሚመጥነውም ሆነ ጨርሶ የሚተወው በዚህ መልስ ነው። ከመጀመሪያው ዙር በፊትም በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ መነሣት አይረሳ። ከስድስት ወር በኋላ ገንዘቡ ምን እንደሠራ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከዚያ ፎቶ ጋር ሲወዳደር ነው።